ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ቤቱ ይስፋ

የዛሬው አስተያየቴ ስለ ዶሮዎቻችን ነው።

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እዚህ ኮዬ ፈጬም በየብሎኩ ሥር ዶሮ የሚያረባ ሰው እናያለን። እኛም በ8 ዶሮ ጀምረን አሁን 22 ደርሰዋል። በቅርቡ ደግሞ 20 ጫጩት ሊጨመር ነው ተብሏል። ደስ ይላል! ግን የት ሊያድሩ ነው?

ቤቱን በሜትር ለካነው። ርዝመቱ 2፣ ወርዱ 1 ሜትር ነው፤ 2 ካሬ ማለት ነው። በአንድ ካሬ የሚበቃው ደግሞ 4 ወይም 5 እንቁላል ጣይ ዶሮ ነው። ስለዚህ ለ10 በሚሆን ቤት 22 እያሳደርን ነው። ላባ የሚነቃቀሉት ለዚህ ነው። ገብስማዋ ጀርባዋ ተመልጦ ቆስሏል፤ ሌሎቹ ደም ሲያዩ ይብስባቸዋል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። የእኛዎቹ እንኳን ቆጥም የላቸው! ኩሳቸው ላይ ነው የሚተኙት።

42 ሲሆኑ 9 ካሬ ያስፈልጋል። "ገንዘብ የለም" የሚሉ አሉ። ከስቶር ጀርባ ግን የተሰበሩ ዴስኮች ተከምረዋል፤ እግሩ ለቆጥ፣ ጣውላው ለግድግዳ ይሆናል። የሚገዛው ሽቦ ብቻ ነው። ወለሉም ከመሬት ከፍ ይበል፤ የኮዬን ዋልካ በክረምት ጫማችን ያውቀዋል። አዲሶቹ ጫጩቶች መጀመሪያ ለብቻ ይከለሉ፤ ፈንግል ይዘው ከመጡ ሁሉንም ይጨርሳል።

ቅዳሜ ጠዋት መዶሻ ይዘን ለመምጣት እኔና አምስት ልጆች ተስማምተናል። የቀረን "ዴስኮቹን ውሰዱ" የሚሉን መምህር ብቻ ናቸው።