ግልባጩ የት ነው?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህ አሳብ የመንግሥት ሠራተኛውን ሁሉ የሚነካ መስሎ ስለ ታየኝ፣ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡት በትሕትና እለምናለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት ቀድሞ ያስተማርኋት ልጅ ወደ ቤቴ መጣች። በ2016 ዓ.ም. 12ኛ ክፍልን ጨርሳ፣ አጭር ሥልጠና ወስዳ ሥራ አግኝታለች፤ ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውጤትሽን ማስረጃ አምጪ ብሏታል። ወደ ተማረችበት ትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያገኘችው መልስ «ሰርቨሩ ተበላሽቷል» የሚል ነው። ትምህርት ቤቱ የሚገኘው በአርባ ምንጭ ከተማ ነው፤ ነገሩ በአንድ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለምና ስሙን ማንሣት አያስፈልግም። እኔም የክፍሏ ኃላፊ መምህር ስለ ነበርሁ አብሬያት ሄድሁ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነው፤ አልተቆጣም፤ አልዋሸምም። «መጠባበቂያ ቅጂ አልነበራችሁምን?» ብዬ ብጠይቀው «ነበረን» አለ። ሰርቨሩ በየሌሊቱ የዕለቱን ሥራ በራሱ ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለብጥ ተደርጎ ነበር። ያ ሁለተኛው ዲስክ ግን ሞልቶ ኖሮ፣ መገልበጡ ከቆመ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ማሽኑ በየማለዳው «ቦታ የለም» የሚል ማስታወቂያ በመስኮቱ ላይ ያወጣል፤ የተቀመጠው ሰው ደግሞ «እሺ» የሚለውን ተጭኖ ያልፈዋል። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ዝናቡ በበረታ ጊዜ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ዋናው ዲስክ ሞተ። ቅጂው ሲከፈት የ2016ን ዓመት ውጤት አልያዘም።

ዲስኩን ምን እንደ ሞላው ስንመለከት የሠርግ ፊልም፣ መዝሙርና ዘፈን፣ የስብሰባ ፎቶግራፍ ሆኖ ተገኘ። ደግሞም አንድ ዓይነት ሪፖርት «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እየተባለ ዘጠኝ ጊዜ ተቀምጧል። አንባቢ ሆይ፣ አይሳቁ፤ የመሥሪያ ቤትዎን ሰርቨር ከፍተው ቢያዩ ተመሳሳዩን ያገኛሉ ብዬ እገምታለሁ። ማንም የማይጠብቀው ጎተራ እህሉንም ዐፈሩንም እኩል ይሰበስባል።

ልጅቱን ያዳናት በቁም ሣጥኔ ውስጥ የተቀመጠው፣ በእጄ የጻፍሁት የውጤት መመዝገቢያ ደብተር ነው። ከዚያ ላይ ተገለበጠላት፤ ተፈረመ፤ ማኅተም ተደረገበት። ከእርስዋ ጋር ከጨረሱት ከሌሎቹ ክፍሎች ግን የአንዱ ክፍል ኃላፊ መምህር ወደ ሌላ ዞን ተዛውሯል፤ የሌላው ደግሞ ቤት ሲለውጥ ደብተሩን ጥሎታል። የእነዚያ ልጆች አራት ዓመት ድካም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ አባቶቻችን በታይፕራይተር ዘመን ይህን እንዴት አድርገው ይጠብቁ እንደ ነበር እናስታውስ። አንድ ደብዳቤ ሲጻፍ ከወረቀቱ በታች ካርቦን ይደረግ ነበር፤ ከደብዳቤውም ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ ለእገሌ መምሪያ፣ ለእገሌ ጽሕፈት ቤት፣ ለመዝገብ ቤት እየተባለ ይዘረዘራል። ዛሬም ይህን ልማድ አልተውነውም። አንዳንድ ሰው የቢሮክራሲ ነገር ነው ብሎ ይንቀዋል፤ ነገር ግን አንዱ መሥሪያ ቤት ቢቃጠል ደብዳቤው ከሌላው ይገኝ ነበር። እኔም በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት በሁለት መዝገብ ይጻፍ ነበር፤ አንደኛው በርእሰ መምህሩ ክፍል፣ ሁለተኛው በሌላ ግቢ በሚሲዮኑ ቤት ይቀመጣል። ሰርቨር ሲገባ ጊዜ ግን ማሽኑ ሁሉን ያውቃል ብለን ግልባጩን ተውን።

ይህ ስሕተት የድሃ አገር ብቻ አይደለም። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እኛ ደመራ በምናበራበት ዕለት፣ በደቡብ ኮሪያ በዴጆን ከተማ የመንግሥቱ የመረጃ ማዕከል ከሊቲየም ባትሪ በተነሣ እሳት ተቃጠለ። ከ600 በላይ የመንግሥት የኮምፒዩተር አገልግሎቶች ቆሙ። ከሁሉ የከፋው የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት «ጂ ድራይቭ» የተባለው ማከማቻ መጥፋቱ ነው። በውስጡ 858 ቴራባይት ሰነድ ነበረ፤ አንድ ቴራባይት በገበያችን ከሚሸጡት ከተለመዱት የኤክስተርናል ዲስኮች የአንዱ መጠን ነው። ውጭ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም፤ የተሰጠውም ምክንያት መጠኑ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ አልተቻለም የሚል ነው። ሰነዳቸውን በጠረጴዛቸው ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን እዚያ ብቻ እንዲያኖሩ የታዘዙት ሠራተኞች ከሁሉ ይልቅ ተጎዱ። ከዚያም በፊት መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ በስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል፣ ዋናውንም ቅጂውንም በዚያው ግቢ ያኖሩ ደንበኞች ሁለቱንም ባንድ ቀን አጥተዋል።

ኮሪያውያን በዛብን አሉ። እኛስ ምን እንላለን? የ2,000 ተማሪ የዐሥር ዓመት ውጤት በአንዲት ፍላሽ ውስጥ ገብቶ ገና ሰፊ ቦታ ይተርፋል። የአንድ ወረዳ የደመወዝ መክፈያ፣ የሠራተኛ ማኅደር ዝርዝር፣ የግብር ከፋይ መዝገብ ተደማምሮ አንድ ዲስክ አይሞላም፤ የሠርጉ ፊልም ካልተጨመረበት በቀር። ዋጋውም ቢሆን ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ከሚወጣው ውሎ አበል የሚበልጥ አይመስለኝም። ስለዚህ በጀት የለም የሚለውን መልስ እኔ በበኩሌ አልቀበለውም።

«በእኛ ሰርቨር ሁለት ዲስክ አለ፤ አንዱ ሌላውን ይገለብጣል» የሚሉ ወዳጆች ገጥመውኛል። ሬይድ የሚባለው አሠራር ነው። መልካም ነው፤ አንደኛው ዲስክ ቢሞት ሥራው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ነገር ግን ይህ መስተዋት እንጂ ግልባጭ አይደለም። አንድ ሠራተኛ በስሕተት ፋይል ቢሰርዝ በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይጠፋል፤ ሌባም ቢመጣ ሣጥኑን ከነሁለቱ ዲስክ ይዞ ይሄዳል። ገንዘብ ካልከፈላችሁ ፋይላችሁን አልከፍትም የሚለውም ቫይረስ ከማሽኑ ጋር ተሰክቶ ያገኘውን ዲስክ ሁሉ ይቆልፋል። በአንዱ ዲስክ ላይ «ዲ» የተባለውን ክፍል ግልባጭ ነው ብለው የሚተማመኑ ደግሞ አሉ፤ እርሱማ የአንድ ቤት ሁለት ክፍል ነው።

በዚህ ነገር ከራሳችን አገር የሚበልጥ ምሳሌ አላገኘሁም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ይነሡ ጀመር። በየገዳሙና በየደብሩ ያሉት ወደ አዲስ አበባ እየመጡ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ መጻሕፍቱ ወደ ባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ፤ የፊልሙ አንድ ቅጂ እዚሁ ሲቀር ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ወዳለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ይላካል። አብዮት መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ ሥራው ግን ቀጠለና ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት በፊልም ተቀመጡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ሊቅ፣ የዕድሜያቸውን ብዙ ዓመት ዝርዝሩን በማዘጋጀት አሳልፈዋል። እኔ የወንጌላውያን ሚሲዮን ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ይህን ሥራ ሳስብ እኮራለሁ። መጻሕፍቱን ያነሡት ሰዎች ማድረጋቸው ቀላል ነው፦ ቅጂውን ከዋናው ጋር በአንድ ቤት አላኖሩትም፤ የት እንዳለም የሚናገር ዝርዝር አበጁለት።

እኛስ በጋሞ ዞን ይህን ማድረግ ያቅተናል? የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲቋቋም መሥሪያ ቤቶቹ በአንድ ከተማ አልተከማቹም፤ በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላና በሌሎችም ተከፋፈሉ። ለባለ ጉዳይ መንገዱ አድካሚ ነው እየተባለ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም እውነት አለው። ለግልባጭ ግን ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የአርባ ምንጩ ቢሮ ዲስክ በሶዶ፣ የሶዶውም በአርባ ምንጭ ቢቀመጥ በመካከላቸው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ለየወሩ ጉዞ የተለየ መኪና አያስፈልግም፤ የመሥሪያ ቤት መኪና በዚያ መንገድ ሳይመላለስ የሚውልበት ሳምንት የለምና። ትምህርት ቤቶች ደግሞ በቅርብ ይጀምሩ፤ የሲቀላው በሴቻ፣ የሴቻው በጨንቻ ያኑር። የጨንቻ ደጋ ብርዱ ለዲስክ ከቆላው ሙቀት ይሻላል።

ዲስኩ በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ የሰው ውጤትና ደመወዝ የግል ነገር ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም. ወጥቷል። የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ለኃላፊው ካዝና ይሰጥ እንጂ በአንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ራስ ውስጥ ብቻ አይቅር። ባለሙያው ሲዛወር ቁልፉ አብሮት የሄደባቸውን መሥሪያ ቤቶች አውቃለሁ።

ከሁሉ የምለምነው ግን አንድ ነገር ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ቅጂው በሌላ ማሽን ላይ ይከፈት። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ባለበት ከዝርዝሩ ዐሥር ስም በዕጣ ይውጣና የዐሥሩም ሰነድ ተከፍቶ ይታይ፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ይፈረም። የልጅቱ ትምህርት ቤት በዚያ ከአንድ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አድርጎ ቢሆን፣ ዲስኩ መሙላቱ በዚያው ዕለት ይታወቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ያ መዝገብ ቤት አዲስ የመጠባበቂያ ዲስክ እንደ ተገዛለት ሰምቼ ደስ ብሎኝ ልጠይቅ ሄድሁ። እውነት ነው፤ ተገዝቷል። ከአዲሱ ሰርቨር ጎን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ ተቀምጧል። ተከፍቶ ታይቶ እንደ ሆነ ብጠይቅ «ገና ነው» አሉኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአርባ ምንጭ