ጠገራ ብርና የተገኘበት ቦታ

ጥንታዊ ገንዘብ መሰብሰብ በብዙ ሰዎች ዘንድ የሥራ ፈት መዝናኛ ወይም የባለጸጋ ቅንጦት ተደርጎ ይታያል። ሌሎች ደግሞ አሮጌ ገንዘብ ጠቃሚ የሚሆነው ለጌጥ ሲቀልጥ ወይም ለእንግዳ ገዢ ሲሸጥ ብቻ ነው ይላሉ። እነዚህ ሁለት አስተያየቶች የተለያዩ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ገንዘቡን በብረቱ ዋጋ ብቻ መመዘን ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ከሁለቱም ይለያል። አሮጌ ገንዘብ በመጀመሪያ ደረጃ ሰነድ ነው። ሰነድነቱ ደግሞ የሚጸናው ከየት እንደ ተገኘ፣ በማን እጅ እንደ ቆየና ከምን ጋር እንደ ተቀመጠ ሲታወቅ ብቻ ነው። ስለዚህ መሰብሰብ ያለበት ከገንዘቡ በፊት ታሪኩ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዴት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉትን ገንዘብ ስሙን እንኳ ያልሰማ ሰው አይገኝም። አንዳንዱ በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተቋጥሮ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ቀለበት ተበጅቶለት በአንገት ላይ ይንጠለጠላል። ጠገራ ብር የኦስትሪያ ንግሥት የነበረችው የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት ሲሆን ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህም ውስጥ 23 ግራም የሚሆነው ጥሩ ብር ነው። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን ቋንቋ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ተቀርጿል። የአገራችን ነጋዴ ጽሑፉን ባያነብም ገንዘቡን በሚገባ ይመረምር ነበር። በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ካልቆጠረና የትከሻዋን ጌጥ ካላየ አይቀበልም ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በራሳቸው መልክ ገንዘብ እንዲታተም ካደረጉ በኋላም እንኳ ገበያው የለመደውን ጠገራ ብር በቀላሉ አልለቀቀም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በጠገራ ብር ላይ የሚነበበው ዓመተ ምሕረት ሁልጊዜ 1780 ነው። ይህ ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ ይኸንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ማተሚያው ግን አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ በዋናነት በቪየና ይታተም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የሙሶሊኒ መንግሥት ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ማተም ጀመረ፤ ኢትዮጵያን ሲወር ለሠራዊቱ ስንቅና ለሚደልላቸው ሰዎች የሚከፍለው ገንዘብ ያስፈልገው ነበርና። በዚያው ዘመን በፓሪስ፣ በለንደንና በብራስልስም ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ደግሞ እንግሊዞች በሕንድ አገር በቦምቤይ ከተማ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1940 ክረምት በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው ቡድን ከአርበኞች ጋር ለመገናኘት ወደ ጎጃም ሲገባ ከጫናቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ጠገራ ብር ነበር። በተከታዩ ዓመት የኢጣሊያ ጦር ቡሬን ለቆ ወጣ።

እንግዲህ በአንድ የጎጃም ቤት ውስጥ ሦስት ጠገራ ብሮች ቢገኙ፣ አንደኛው ከአባይ ማዶ ቡናና ወርቅ ይመጣበት በነበረው በባሶ ገበያ የተገኘ የነጋዴ ትርፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ወራሪው የከፈለው ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛውም ለአርበኛ ስንቅ የወጣ ሊሆን ይችላል። መልካቸው አንድ ነው፤ ዓመተ ምሕረታቸው አንድ ነው፤ ክብደታቸውም አንድ ነው። የሚለያያቸው የባለቤቱ ቃል ነው። ሊቃውንት በንስሩ ላባና በሌሎች ጥቃቅን ምልክቶች ማተሚያውን ለይተው ማወቅ ቢችሉም፣ ገንዘቡ ወደዚያ ቤት እንዴት እንደ ገባ ሊነግሩን አይችሉም። አያት ሳይጠየቁ ካለፉ ሦስቱም ብሮች አንድ ዓይነት ብረት ሆነው ይቀራሉ።

ከዚህ የሚበልጠው ምሳሌ ደግሞ ከጥንቱ ዘመን ይገኛል። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ አሳትመዋል። በወርቁ ላይ በአብዛኛው የግሪክ ቋንቋ ተጽፎበታል፤ ይህም ከሮማ ግዛት ነጋዴዎች ጋር ለመገበያየት ነው። በብሩና በመዳቡ ላይ ግን ከጊዜ በኋላ ግዕዝ እየበዛ ሄደ። ንጉሡ በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ሆኖ ይታያል። በንጉሥ ኢዛና ዘመን ቀድሞ ይቀረጽ የነበረው የጨረቃ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተተካ። በእርሱ ዘመን በመዳብ ገንዘብ ላይ «ይህ አገርን ደስ ያሰኝ» ማለት የሆነ ቃል በግሪክኛ ተቀርጿል። ንጉሥ ለሕዝቡ የተናገረውን ቃል ከ1,600 ዓመት በላይ ጠብቆ ያቆየልን ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ መዳብ መሆኑ ሊያስደንቀን ይገባል።

የውጭ አገር ገንዘብም በዚያው አካባቢ ተገኝቷል። ዛሬ በኤርትራ ግዛት ውስጥ በሚገኘው በመጠራ የመሬት ቁፋሮ ሲካሄድ 14 የሮማ ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ከወርቅ መስቀሎችና ከሐብል ጋር በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ ተገኙ። ገንዘቦቹ እንዲንጠለጠሉ ሆነው የተሠሩ ነበሩ። ይህ ምን ያስተምረናል? ከሩቅ አገር የመጣ ገንዘብ በዚያ ዘመንም መሸመቻ ብቻ ሳይሆን የአንገት ጌጥ እንደ ነበረ ያስተምረናል፤ ልክ የጎጃም እናቶች ጠገራ ብርን እንዳደረጉት ማለት ነው። በደብረ ዳሞም እ.ኤ.አ. በ1940 ከ100 የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል፤ አገራችን ከሕንድ አካባቢ ጋር ለነበራት ግንኙነትም ምስክር ሆነዋል። እነዚህ ገንዘቦች በየገበያው ተበታትነው ቢሸጡ ኖሮ እያንዳንዳቸው ውብ ወርቅ ሆነው ይቀሩ ነበር እንጂ ስለ ኢትዮጵያ አንዳች ቃል ባልተናገሩ ነበር። ምስክርነታቸው ያለው ከተገኙበት ስፍራና ከጓደኞቻቸው ጋር በመሆናቸው ነው።

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች አሉ፤ ተቃውሟቸውም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። «ልጁ የታመመበት ወይም ማዳበሪያ መግዣ ያጣ ገበሬ በሣጥኑ ያለውን ብር ቢሸጥ ምን ነውር አለው? ታሪክ ጎተራ አይሞላም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከአያት የተወረሰ ጠገራ ብር የቤተሰቡ ንብረት ነው፤ በችግር ጊዜ መሸጡም የባለቤቱ ፈንታ ነው። ማንም ሰው የሌላውን ረኃብ ችላ ብሎ ስለ ቅርስ ሊሰብክ አይገባውም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። ብሩ ከመሸጡ ወይም ወደ አንጥረኛ እሳት ከመግባቱ በፊት ታሪኩን መጻፍ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ባለቤቱ ብሩን ቢያጣ እንኳ የቤተሰቡ ታሪክ አብሮ አይጠፋም። በሌላ በኩል ደግሞ በማረሻ ጫፍ ከመሬት የወጣ፣ በጎርፍ ታጥቦ የታየ ወይም በግንባታ ላይ የተገኘ ጥንታዊ ገንዘብ እንደ ውርስ ብር የግል ንብረት አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን ለመደንገግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለውን ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ላስረከበውም ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥ ይደነግጋል። ሽልማቱ በጊዜው ካልደረሰ ግን ገበሬው ወደ ነጋዴ መሄዱ ስለማይቀር፣ ሕዝቡ ሕጉን እንዲያከብር የሚጠይቅ ሁሉ ሹማምንቱም ቃላቸውን እንዲጠብቁ መጠየቅ አለበት።

ተማሪዎች በዚህ ረገድ ያላቸው ድርሻ ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ብዕርም የአያት ቤትም ያላቸው እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ ሳይሆን መዝገብ ሰብስቡ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት ጠገራ ብር፣ አላድ ወይም ተሙን ካለ፣ በባለቤቱ ፈቃድ ስስ ወረቀት በላዩ አድርጋችሁ በእርሳስ በቀስታ በማሸት መልኩን አንሡ። ክብደቱን በሚዛን፣ ስፋቱን በማስመሪያ ለኩ። ቀጥላችሁም ከማን እንደ ተገኘ፣ ለጥሎሽ ይሁን ለከብት ሽያጭ፣ በየትኛው ገበያና በየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ጠይቃችሁ በባለቤቱ አነጋገር ጻፉ። ባለቤቱ ካልፈቀዱ ስማቸውንና መንደራቸውን አትጻፉ፤ ሌባን የሚመራ መዝገብ ከመዝገብ አይቆጠርም። ገንዘቡን በሎሚና በአመድ አትሹት፤ የቆየው ገጽ ሲፋቅ ጽሑፉም አብሮ ይፋቃልና። ከመሬት የወጣ ሲሆን ደግሞ ቦታውን አትቆፍሩ፤ ለመምህራችሁና ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስታውቁ።

በአጠቃላይ አነጋገር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ተፈጥሮው ነው፤ ይህንንም ልናስቆመው አንችልም። ልናስቆመው የምንችለው ታሪኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መፍሰሱን ነው። ብሩን ገዢው ሊወስደው፣ አንጥረኛውም ሊያቀልጠው ይችላል። በደብተር ላይ የሰፈረውን ቃል ግን ማንም በሚዛን ሊገዛው አይችልም። አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ ዛሬ ያልተጠየቀው ነገ የሚመልሰው አይገኝምና።