ሞተሩ ይዞራል፤ መኪናው ግን አይነሣም

በፈተናዎቻችን ላይ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፦ የባትሪው ቮልት፣ የሽቦው ሬዚስታንስ ተሰጥቶ «ከረንቱን አስሉ» ይላል። ተማሪው ያሰላል፤ ያልፋል። ይኸው ተማሪ የአባቱ ታክሲ ማለዳ አልነሣ ሲል ግን እንደ ሠፈርተኛው «ባትሪው ሞቷል» ይላል። ሞተሩ እየዞረ!

ሞተሪኖው ከ100 አምፔር የሚበልጥ ከረንት ስቦ ሞተሩን በወትሮው ፍጥነት ካዞረው፣ ባትሪውም ሞተሪኖውም ከተጠርጣሪነት ነጻ ወጥተዋል። (ዙሩ ከደከመ ነገሩ ሌላ ነው፤ የባትሪው ጉልበት ለብልጭታ ላይተርፍ ይችላል።) የአዲስ አበባን ከፍታ የሚከሱም አሉ። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ማነሱ እውነት ነው። ሆኖም መኪናው ትናንት የተነሣውም በዚሁ ከፍታ ነበር።

የቤንዚን ሞተር ለመነሣት የሚሻው ጥቂት ነገር ነው፦ ለ1 ግራም ቤንዚን 15 ግራም ያህል አየር፣ የድብልቁ መታመቅ፣ በትክክለኛው ቅጽበት የሚመጣ ብልጭታ። ከእነዚህ የጎደለውን ለመለየት ጆሮና አፍንጫ ብዙ ይረዳሉ። የኤሌክትሪክ ፖምፓ ባላቸው ብዙ መኪኖች ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ገና ሳይዞር፣ ከነዳጅ ጋኑ አቅጣጫ ለአፍታ እዝዝታ ይሰማል። ካልተሰማ ጥርጣሬው ወደ ፖምፓውና ወደ ፊውዙ ይሄዳል። የተነቀለው ካንዴላ በቤንዚን ከራሰ ነዳጁ ደርሷል፤ ብልጭታው ጎድሏል፣ ወይም ነዳጁ በዝቶ አፍኖታል። ሞተሩ ሲዞር የሚሰማው ከፍ ዝቅ የሚል ምት ፒስቶኖቹ አየሩን ሲያምቁ የሚፈጠር ነው። ምቱ ጠፍቶ ሞተሩ ያለ ሸክም ከተሽከረከረ ቺንጋው ሳይበጠስ አይቀርም፤ በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቭና ፒስቶን ስለሚጋጩ ቁልፉን ደጋግሞ መጠምዘዝ ያኔ ጥፋት ነው። የካንዴላ ገመድ በእጅ ይዞ ብልጭታ መፈለግ ግን ለማንም አይመከርም፤ ቦቢናው የባትሪውን 12 ቮልት ከ20,000 በላይ ያደርሰዋል፣ አጠገቡም የቤንዚን ትነት አለ።

ባትሪ፣ ካንዴላና ፖምፓ በአንድ ቀን ተቀይረው መኪናው ቢነሣ፣ የትኛው ጥፋተኛ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ባለታክሲው ግን የሦስቱንም ከፍሏል፤ የቀኑ ገቢም ቀርቶበታል። ወቀሳችን በመካኒኮች ላይ አይደለም፤ ከነባሮቹ መካከል ምቱን ሰምተው ብቻ ብልሽቱን የሚለዩ አሉና። የምንወቅሰው ራሳችንን መምህራንን ነው። በቤተ ሙከራችን ለተማሪው የምናቀርብለት ሰርኪዩት ሁልጊዜ ይሠራል፤ የሚፈለገውም መጠን አስቀድሞ ተጽፏል። ታዲያ መጠርጠርንና ማጥራትን ከየት ይማር?

እኛ የምንለው ይህን ነው፦ 8 ተከታታይ መገናኛዎች ያሉት፣ አንዱ ብቻ በስውር የተቋረጠ ሰርኪዩትና አንድ ቮልት መለኪያ ለተማሪው ይሰጠው። ከመሃል ጀምሮ እያጋመሰ የሚፈትሽ በ3 ልኬት ይደርስበታል። ማርኩም ብልሽቱን በማግኘቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ምን እንደሚጠብቅና ለምን እንደሚጠብቅ በጻፈው ይሰጠው።