ድጎማው ለቂርያት ጋት ልጆችም ይትረፍ

የቺፕ አምራቹ ኢንቴል በእስራኤሏ ከተማ በቂርያት ጋት የያዘውን የ25 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ ገታ የሚለው የጁን 2024 ዜና ከተማዋን አስደንግጦ ነበር። መንግሥት ለዚሁ ፋብሪካ 3.2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደጉም በደስታ ካበሰረ ያኔ ገና ስድስት ወር አልሞላም ነበር። ኩባንያው በበኩሉ የትልልቅ ፕሮጀክቶች የጊዜ ሰሌዳ ሊለዋወጥ ይችላል ብሏል። ይሁን።

እኛን የሚያንገበግበን ግን የዘገየው ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ቀደም ብሎ የተሠራው ፋብሪካስ ለማን ተረፈ? ኢንቴል በከተማዋ ማምረት የጀመረው በ1999 ነው፤ ያኔም የመንግሥት ድጎማ አልተለየውም። በእነዚህ ዓመታት ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆች ልጅ ወልደው፣ አሳድገው፣ ለወታደርነት አብቅተዋል። ዛሬም ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ከሚጠብቁት እናቶች መካከል በኮንትራክተር ተቀጥረው ቢሮ ሊያጸዱ የሚሄዱት ጥቂት አይደሉም። የሚያገኙት የሰዓት ክፍያ ነው፤ የሥራ ዋስትናቸውም ኮንትራክተሩ ጨረታ እስኪሸነፍ ድረስ ነው።

ስለ ድጎማው ስምምነት ለሕዝብ የተነገረውን ደጋግመን አይተናል። የኩባንያው ግብር ከ5 ወደ 7.5 በመቶ ከፍ ይላል፤ ከአገር ውስጥ አቅራቢዎችም በአሥር ዓመት የ60 ቢሊዮን ሸቅል ግዢ ይፈጸማል። በሺህ የሚቆጠር ሥራ እንደሚከፈትም ተነግሯል። ከሥራው ስንቱ ለከተማዋ ልጆች እንደሚሆን ግን አላነበብንም። የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሥልጣናት ይህን ሳያስቡት ቀርተዋል ማለታችን አይደለም፤ አስበውት ከሆነ ይንገሩን።

ፋብሪካ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቂርያት ጋት በ1950ዎቹ ለአዲስ ገቢዎች ስትቆረቆር “የልማት ከተማ” ነበር የተባለችው፤ ትውልድ ያበላው የፖልጋት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዛሬ የለም። በአገር ቤትም በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአሜሪካውን የልብስ ኩባንያ ፒቪኤችን አጣ፤ በጃንዋሪ 2022 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ ከአጎዋ አስወጣች። ብዙ ወጣት ሴቶች ወደየመንደራቸው የተመለሱት ሌላ ቦታ የሚያስቀጥር ሙያ ሳይቋጥሩ ነው። ኩባንያ ሲለቅ ለከተማው የሚቀረው ሠራተኛው የያዘው ሙያ ነው፤ ድጎማም መመዘን ያለበት በዚህ ነው።

ቂርያት ጋት የመጣባትን እንግዳ እምቢ ማለት አታውቅም። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጥቃት በኋላ ከኒር ኦዝ ኪቡትዝ ለተፈናቀሉት አዲሱ የከተማዋ ሰፈር ካርሜ ጋት ቤት ሆኗል። የካርሜ ጋት ፎቆች በየዓመቱ ሲያድጉ፣ በነባር ሰፈሮች ያለ ተማሪ ከፍተኛውን የአምስት ዩኒት ሒሳብ የሚያስጠናው አጥቶ ወደ ዝቅተኛው ሦስት ዩኒት ሲወርድ ማየት ያማል። የፋብሪካው በር ለብዙዎች የሚዘጋው ገና ትምህርት ቤት ሳሉ ነው።

ስለዚህ መንግሥት የድጎማውን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር በውሉ ያስገባ፦ ለከተማዋ ወጣቶች ደመወዝ ያለው የቴክኒሻን ሥልጠና፣ ከ40 ዓመት በላይ ለሆኑ በአማርኛ የሚደገፍ የሙያ ኮርስ፣ በየዓመቱም ስንት የከተማዋ ነዋሪ በቋሚነት እንደተቀጠረ የሚገልጽ ይፋዊ ሪፖርት። ማዘጋጃ ቤቱም ይህን ጥያቄ ከኛ ቀድሞ ኢየሩሳሌም ያድርስ።