ስማቸው ያልተጻፈ ሦስት ወታደሮች

የጀግንነት ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው የአንድ ሰው ስም ነው፤ ኒሻኑም በአንድ ሰው ደረት ላይ ይንጠለጠላል። ይህ ልማድ ፍርድን እንደሚያጓድል ለመረዳት በ1933 ዓ.ም. በብላቴ ወንዝ ዳር የተፈጸመውን ተጋድሎ መመርመር ይበቃል።

በሞያሌ በኬንያ በኩል ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የኢትዮጵያን ምድር ያያል። በዚህ ድንበር በሐምሌ 1932 ዓ.ም. ከባድ ውጊያ ተደርጓል። በሞያሌ ምሽግ የነበረው የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ጦር በጣልያኖች ተከብቦ ከቆየ በኋላ በሌሊት ሾልኮ ወጣ። ከተማዪቱ ከጠላት እጅ የተመለሰችው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው። የዚህ እግረኛ ጦር መኮንኖች እንግሊዞች ነበሩ፤ ተራ ወታደሮቹ ግን «አስካሪ» የሚባሉ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ በደቡብ ያለው ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። ግንቦት 11 ቀን የዚሁ ጦር ሁለት ሻምበሎች በአላባ ቁሊቶ አጠገብ የብላቴን ወንዝ በድንገት ተሻገሩ። ከባድ መሣሪያ አላስከተሉም። ከመሬትም ከዛፍ ላይም ጥይት እየዘነበባቸው ሳለ የጠላት ታንኮች ከቁጥቋጦው ውስጥ ብቅ አሉ።

በኬንያ የተወለደው የ28 ዓመቱ ሃምሳ አለቃ ናይጄል ሊኪ የሞርታር ተኳሽ ነበር። ቦምቡን ተኩሶ ስለ ጨረሰ የሚሠራ አላጣም ብሎ ወንዙን ተሻገረ። ከበስተኋላ በመጣው ታንክ ላይ ዘሎ ወጣ፤ መክደኛውን ፈልቅቆ አዛዡንና ሠራተኞቹን በሽጉጥ ገደለ፤ ነጂውን ብቻ አስቀርቶ ታንኩን ወደ መከለያ እንዲነዳ አስገደደው። የታንኩን መድፍ ሊተኩስበት ቢሞክር አልሠራለትም። ስለዚህ ወርዶ በእግሩ ሌሎቹን ታንኮች ለማደን ገሠገሠ። ሁለቱ አለፉት፤ በሦስተኛው ላይ ወጥቶ መክደኛውን ከፍቶ አንዱን ሠራተኛ እንደ ገደለ ከአራተኛው ታንክ የተተኮሰ መትረየስ ጣለው። አስከሬኑ አልተገኘም። የእንግሊዝ መንግሥት ከሁሉ የሚበልጠውን የጀግንነት ኒሻኑን፣ ቪክቶሪያ መስቀልን፣ በኅዳር 1938 ዓ.ም. ሰጠው። ስሙም በናይሮቢ በሚገኘው መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል።

እዚህ ላይ ተማሪው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኒሻኑ የተሰጠበት ጽሑፍ ራሱ፣ ሊኪ ታንኮቹን ለማደን የወጣው ብቻውን እንዳልነበረ ይመሰክራል። አንድ አፍሪካዊ ሻምበል ባሻና ሁለት አስካሪዎች አብረውት ነበሩ። የሦስቱም ስም ግን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የለም።

ሊኪ ኒሻኑ አይገባውም የሚል ክርክር የለኝም፤ ይገባዋል። ነገር ግን ያንኑ ሜዳ፣ በዚያው እሳት ውስጥ፣ ታንክ የማይበሳውን ጠብመንጃ ይዘው ያቋረጡት ሰዎች ድፍረታቸው ከእርሱ በምን ያንሳል? አንዳንዱ የመጀመሪያው እርምጃ የመሪው ነው፣ ሌላው ተከታይ ነው ይል ይሆናል። እኔ ግን በፈቃድ ወደ ሞት የሚወስደውን መሪ መከተል ከመምራት ይቀላል ብዬ አላምንም። ደግሞም ሊኪ የሰፋሪ ልጅ ነበር፤ አስካሪዎቹ ግን በገዛ አገራቸው በባዕድ የሚገዙ ነበሩ። የሊኪ ሻለቃ ወታደሮች በብዛት የተመለመሉባት ታንጋኒካ ነጻ የወጣችው ከዚያ ውጊያ 20 ዓመት በኋላ ነው። ለራሳቸው ያላገኙትን ነጻነት ለእኛ ሲያመጡ ደማቸውን አፈሰሱ።

ስለዚህ ባለዕዳዋ እንግሊዝ ብቻ አይደለችም፤ ውጊያው የተደረገው በእኛ አፈር ላይ ነው። በብላቴ ዳር አንድ ድንጋይ ቢቆምና «አንድ ሻምበል ባሻና ሁለት አስካሪዎች እዚህ ተዋግተዋል» ተብሎ ቢጻፍበት ወጪው አነስተኛ ነው። የአላባ ተማሪዎችም ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሽማግሌዎች ቢጠይቁ፣ በመዝገብ ያልገባ ነገር ሊያገኙ ይችላሉ።