ጆ ሉዊስን በኪሎ ብቻ አትመዝኑት

ሰሞኑን ሰባታሚት ቡና በምንጠጣበት ቤት አንድ ልጅ ስልኩ ላይ የድሮ ጥቁርና ነጭ የቦክስ ፊልም ከፍቶ እያየ ሳቀ። ጆ ሉዊስ ነው። «ይሄማ ታይሰን ፉሪ ፊት ሦስት ደቂቃ አይቆምም!» አለ። አጠገቡ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ተቆጡ። «የድሮ ሰው ብረት ነው፤ የዛሬዎቹ ለገንዘብ ነው የሚደባደቡት» አሉት። ሁለቱም ጮኹ እንጂ ማስረጃ ያመጣ የለም። እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ። ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ልጁ የሳቀው በሰውየው ቅጥነት ስለሆነ ከኪሎው እንጀምር። ፉሪ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲም ነው፤ ግንቦት 2016 ሪያድ ላይ ሲጋጠም 119 ኪሎ ገደማ ነበር። ሉዊስ በወጣትነቱ 89 ኪሎ ነው። ዛሬ ቢሆን ከከባድ ሚዛን በታች፣ ጣሪያው 90.7 ኪሎ በሆነው ክብደት መጋጠም ይችል ነበር። ወረቀት ላይ ልጁ ልክ ነው።

ግን ልጁ የሳቀበት ፊልም የትኛው ግጥሚያ እንደሆነ አላየም። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም። የ21 ዓመቱ ሉዊስ ፊት የቆመው ጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ 118 ኪሎ ነበር። የፉሪ ክብደት ማለት ነው! ስድስተኛው ዙር ላይ ካርኔራ ደጋግሞ ሲወድቅ ዳኛው አስቆመው። በእኛ ዘመንም ፉሪን ሁለት ጊዜ በነጥብ የረታው ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ በብዙ ኪሎ የሚያንሰው፣ ከዚያው ከዝቅተኛው ክብደት የመጣ ሰው ነው።

ጋሼም በዚህ ደስ እንዳይላቸው። ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1949 ቀበቶውን ይዞ 25 ጊዜ አስጠብቋል፤ በ1941 ብቻ ሰባት ጊዜ። ኡሲክ በ2024 የተጋጠመው ሁለት ጊዜ ነው። ብረትነቱን አልክድም። ነገር ግን ከእነዚያ ተጋጣሚዎች ብዙዎቹ ደካሞች ስለነበሩ የዘመኑ ጋዜጠኞች ራሳቸው ይቀልዱባቸው ነበር። ከሉዊስ በፊት ደግሞ ከጥቁር ጋር አንጋጠምም ብለው ቀበቷቸውን ያቆዩ ነጭ ሻምፒዮኖች ነበሩ። ሶቪየት ኅብረትም ፕሮፌሽናል ቦክስ አትፈቅድም ነበር፤ ኡሲክ በዚያ ዘመን ቢወለድ ስሙን ማን ይሰማው ነበር? የድሮው «የዓለም ሻምፒዮን» የግማሽ ዓለም ሻምፒዮን ነበር።

ለእኔ ክርክሩን የሚያበላሸው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው በ1941 ሉዊስ ከቢሊ ኮን ጋር ተጋጠመ። ኮን 80 ኪሎ እንኳ አይሞላም። 12 ዙር ሲያልቅ ነጥብ ከሚይዙት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ኮንን ያስቀድሙ ነበር፤ ሦስተኛው እኩል ነበር የያዘው። በ13ኛው ዙር፣ ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው፣ ሉዊስ በዝረራ ጣለው። ያኔ ግጥሚያው 15 ዙር ነበር። ዛሬ 12 ነው፤ የተቀነሰውም እ.ኤ.አ. በ1982 ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ 14ኛው ዙር ላይ ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው። በዛሬው ሕግ ያ ምሽት የኮን ነበር። ታላቁ ሉዊስ በ80 ኪሎ ሰው ተሸንፎ ቀበቶውን አስረክቦ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «ማን ያሸንፋል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ ስንት ዙር እንደሆነ ይንገረኝ። በ15 ዙር ሉዊስ ፉሪን ይጥለዋል እላለሁ። በ12 ዙር ደግሞ ኡሲክ ሉዊስን በነጥብ ይበልጠዋል። ጋሼ ይቀየሙኝ።

ሰዓት ባለበት በሩጫ እንኳ ነገሩ ቀላል አይደለም። ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ማራቶንን በ2:11:53 ጨረሰች። አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ዓለምን ያስደነቀበት ሰዓት 2:12:11 ነው፤ በ18 ሰከንድ ትቀድመዋለች። የእሷ ጫማ አንዱ 138 ግራም ነው። እሱ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ገና ሳምንታት ነበሩ። ከሁለቱ አንዱን ለማሳነስ የሚነሳ ሰው ምን እንደሚያተርፍ አይገባኝም።

ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ የልጁ ሳቅ የከነከነኝ ለዚህ ነው። ሉዊስና ካርኔራ ሲጋጠሙ ከወልወሉ ግጭት ገና ሰባት ወር አልሞላም። ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ኤርትራና ሶማሊያ እያጋዘ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን ሉዊስን ኢትዮጵያ፣ ካርኔራን ጣሊያን አድርገው ነው ያዩት። የአላባማ ጭሰኛ ልጅ አገራችንን ሳያያት ስሟን ተሸክሞ መድረክ ላይ ወጣ። በነገራችን ላይ ካርኔራም የሚያሳዝን ሰው ነው፤ ወንበዴ አስተዳዳሪዎቹ ገንዘቡን በልተውበታል።

ያ ድል ጦርነቱን አላስቀረም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ፊልሙን እንደገና ክፈተውና ስድስተኛውን ዙር እስከ መጨረሻው እየው።