የኮን ሹፌሮች

አደጋ በደረሰ ቁጥር አንድ ወሬ ይነሳል፦ «መንጃ ፈቃድ እንደ ከረሜላ እየታደለ ነው፤ ሥልጠናው ይርዘም!» ግማሹን ነው የምቀበለው። የሥልጠናው ችግር ማጠሩ አይደለም። የሚፈትነን ነገርና መንገድ ላይ ሰው የሚገድለው ነገር አይተዋወቁም።

የማታምኑ ሐሙስ ቀን ሐሙሲት ኑ። ከባሕር ዳር ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወረታ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ደብረ ታቦር የሚሄደው መኪና ከተማዋን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። የገበያ ቀን ሰዉ፣ የተጫነ አህያ፣ በጉን የሚጎትት ልጅ፣ ፍሬቻ ሳያሳይ የሚታጠፍ ባጃጅ፣ ዳር መያዝ ሲችል አስፋልት ላይ የቆመ አይሱዙ፤ ሁሉም እዚያው ነው። እናትየዋ ተሻግራ ልጇ ማዶ ከቀረ፣ ልጁ ሮጦ እንደሚከተላት አስቀድሞ ማወቅ ነው መንዳት ማለት። እኔ የተፈተንኩበት ሜዳ ላይ ግን አንድም እግረኛ አልነበረም። የነበረው ኮን ነው። ኮን ደግሞ አይሮጥም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ27 ሺህ በላይ ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። በመንግሥት የተመዘገበው ከ4 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ነው። የትኛውንም ቁጥር ብታምኑ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ መኪና ነድተው የማያውቁ እግረኞች ናቸው።

ሌላ አገር ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ አባቱ ጎን ተቀምጦ ይለማመዳል። እኛ ዘንድ አባት መኪና የለውም። ብዙዎቻችን መሪ የምንጨብጠው ሥራ ይዘን፣ ብር ቆጥበን፣ 25 ካለፈን በኋላ ነው። ያለችን ያቺ የተከፈለባት ሰዓት ብቻ ናት። እሷን ኮን ለኮን ሲያሽከረክሩን መዋል ግፍ ነው። የጽሑፉማ ነገር አይወራም፤ በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ የሸመደደ ሁሉ ያልፋል። የእኔ ሙያ ኮድ መጻፍ ነው፤ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ፕሮግራም ፈተና ቢያልፍ «ይሠራል» ብሎ የሚፈርም የለም።

ጀርመን የገባ ሐበሻ ኑሮውን እዚያ ካደረገ ከስድስት ወር በኋላ የአገሩ መንጃ ፈቃድ አያገለግለውም። ጽሑፉንም ተግባሩንም እንደ አዲስ ይፈተናል። ተግባሩ 55 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከተማ ውስጥ፣ ሳይክል ከሚነዳውና ከሚሻገረው ሰው መሀል። አገሩ ስንት ዓመት የነዳ ሰው ወድቆ «ናቁኝ» ሲል ሰምቻለሁ። ንቀት ላይኖር ይችላል፤ ያንን ፈተና እዚህ ማንም አልፈተነውማ።

ደግሞ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። የሚመጣው ኤሌክትሪክ ፍሪሲዮን የለውም፤ እኛ ግን ላባችን የሚንጠፈጠፈው ለፍሪሲዮን ነው። ኤሌክትሪኩ ድምፅም የለውም። ዘወር ብሎ ሳያይ፣ በጆሮው አምኖ አስፋልት ለሚሻገር ገበያተኛ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ማን አስተማረን?

የምጠይቀው ቀላል ነው። የሜዳው ሰዓት ግማሹ የገበያ ቀን መንገድ ላይ ይሁን። ዜብራ ላይ ለእግረኛ ያልቆመ፣ ኮኑን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ይውደቅ።

«ተለማማጅ ገበያ መሀል ይግባ? አደጋ ነው!» ትሉኛላችሁ። መግባቱማ አይቀርም። ፈቃዱን በተቀበለ በሳምንቱ ብቻውን ይገባል፤ ያኔ ጎኑ ተቀምጦ «ቁም!» የሚለው አስተማሪ የለም።